ሰኞ ማክሰኞና ሥነ ፍጥረት፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ለሕፃናት በእጅ ሥራ፣ በጨዋታና በመዝሙር

በሆሳዕና ዋዜማ በአዲስ አበባ ከጀሞ እስከ ጎፋ፣ ከላፍቶ እስከ ሐና ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የዘንባባ ክምር አይጠፋም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የአራት ዓመት ልጅ ሳይቀር የዘንባባ ቀለበት በጣቱ አጥልቆ፣ በግንባሩ ላይ የዘንባባ መስቀል ታስሮለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልጁ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው። ቀለበቱን የቋጠረለት ታላቅ ወንድም ግን ስለ አህያይቱና ስለ ውርንጫዋ፣ ልብሳቸውን መንገድ ላይ ስላነጠፉት ሰዎች፣ በቤተ መቅደስ ሆሳዕና እያሉ ስለጮኹት ልጆች ብዙ ጊዜ ምንም አይለውም። የመጨረሻዎቹ እንኳ ሊረሱ አይገባም ነበር፤ ልጆች ድምፃቸው የተሰማበት የወንጌል ታሪክ ብዙ አይደለም።

ይህ ማብራሪያ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ታሪክ ለሚነግሩ ሰዎች ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ለሚያገለግሉ፣ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የልጆች አገልግሎት ውስጥ ላሉ፣ በኮንዶሚኒየም ሳሎን ልጅ ለሚያሳድጉ እናትና አባት። ለዚህ ዕድሜ የሚሆን የእጅ ሥራ፣ ጨዋታና ዜማ በአገሩ ሞልቷል። ብዙ አስተማሪ ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኢንተርኔት ነው። ከዚያ ከለር የሚቀባ ሥዕል ያወርዳል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ያባዛል፣ ልጆቹም ግማሽ ሰዓት ቀይና ሰማያዊ ሲሞነጫጭሩ ይቆያሉ። ወረቀቱ ቤት ሲደርስ እናት «ይሄ ማነው?» ብትል ልጁ «ሰውዬ» ይላል። ሰውዬው ሙሴ ነበር።

ከለር መቀባት ክፉ ነገር አይደለም፤ ጣትን ያለማምዳል፣ ልጅን ያረጋጋል። ታሪክን ግን አያስተምርም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚያስበው በሚያየው፣ በሚነካውና በሚያንቀሳቅሰው ነገር ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ያለውን ጊዜ ለይቶ ያጠናው በዚሁ ምክንያት ነው፦ ልጁ በቃል ከሚነገረው ረቂቅ ሐሳብ ይልቅ ዱላውን ፈረስ፣ ካርቶኑን ቤት አድርጎ በመጫወት ዓለምን ይረዳል። ስለዚህ «እምነት» ብሎ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ጴጥሮስ ከጀልባው ሲወርድ እግሩን አንሥቶ ማሳየት ግን ይገባዋል።

ንባቡም ችግር አለው። ብዙ ቤት ያለው በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አማርኛው ያማረ ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ይከብዳል። አስተማሪዋ አስቀድማ ምዕራፉን ታንብበው፣ መጽሐፉን ትክደነውና ልጆቹ በሚናገሩበት አማርኛ ትንገራቸው። እዚህ ላይ ከአባባ ተስፋዬ ሳህሉ የተሻለ መምህር አላውቅም። ቴሌቪዥን አገራችን ከገባ ጀምሮ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ለልጆች ተረት የነገሩት እርሳቸው ወረቀት ይዘው አያነቡም ነበር፤ ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸው ይጎረናል፣ ጦጣዋ ስትናገር ይቀጥናል፣ ልጆቹም ዙሪያቸውን ተቀምጠው ይመልሳሉ። መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ ቢነገር ክብሩ አይቀንስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የእጅ ሥራም ሆነ ጨዋታ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ በእጁ የሚሠራው ነገር የታሪኩን እምብርት ይዟል ወይ? በዘፀአት ምዕራፍ 2 ያለውን የሙሴን ታሪክ እንውሰድ። እናቱ ሦስት ወር ደበቀችው፤ ከዚያ በላይ መደበቅ ሲያቅታት የደንገል ሣጥን አዘጋጅታ፣ ውሃ እንዳያስገባ ዝፍት ለቅልቃ፣ ሕፃኑን በውስጡ አስተኝታ ወንዝ ዳር አኖረችው። እኅቱ ከሩቅ ቆማ ትጠብቃለች። የታሪኩ እምብርት ያ ልቅለቃ ነው። የእናት እጅ ውሃውን ከልክሏል፤ የቀረውን ለእግዚአብሔር ትታለች።

እንግዲህ አንድ ሳፋ ውሃ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀትና ሻማ ይበቃሉ። ልጆቹ ከአስተማሪዋ ጋር ሁለት ሁለት ትናንሽ ጀልባ ያጥፋሉ፤ አንዱን ውስጡንም ውጪውንም በሻማ እያሹ ሰም ያለብሱታል፣ ሌላውን እንዲሁ ይተዉታል። ከጨርቅ የተጠቀለለ «ሕፃን» በሁለቱም ይተኛል። ያልተቀባው ውሃ እየጠጣ ይለሰልሳል፣ ጎኑ ይከፈታል፤ የተቀባው ይቆያል። አንዷ ልጅ ራቅ ብላ ቆማ ማርያምን፣ የሙሴን እኅት፣ ትሆናለች፤ ሕፃኑን ያወጣችው የፈርዖን ልጅ ስትመጣም ሮጣ «ሞግዚት ልጥራልሽ?» ትላለች። ጣና ሐይቅ ላይ ሰው የሚሳፈርበት ታንኳ ከዚሁ ከደንገል እንደሚሠራ ደግሞ ጨምሩበት፤ ፎቶ ካለ ማሳየት ነው። ይህን የሠራ ልጅ ማታ ገላውን ሲታጠብ ታሪኩን ለሳሙናው ሳይቀር ይነግረዋል።

እምብርቱን ፈልጎ ማግኘት የአስተማሪዋ የቤት ሥራ ነው፤ እርሱ ከተገኘ የእጅ ሥራው ራሱ ይመጣል። ታኅሣሥ 19 ቀን ጎፋ ገብርኤል ሲከበር ሕፃናት ሁሉ ከወላጆቻቸው ጋር ይሄዳሉ። ታሪኩ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ነው፦ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ለወርቁ ምስል አንሰግድም ብለው እሳት ውስጥ ተጣሉ። እሳቱ ያስደነግጣል፤ የታሪኩ ልብ ግን ቁጥር ነው። ንጉሡ ሦስት ሰው ጥሎ አራት ያያል። ስለዚህ አንድ ካርቶን በቀይና በብርቱካናማ ወረቀት ይለበጥ፤ ልጆቹ ከወረቀት የቆረጧቸውን ሦስት ሰዎች እየቆጠሩ ይክተቱ፤ አስተማሪዋ በጀርባ በኩል በተቀደደች ቀዳዳ አራተኛውን ሳያዩ ታስገባ። ከዚያ «ኑ እንቁጠር!» ስትል «አራት!» የሚለው ጩኸት ትምህርቱ ነው። አራተኛው ማን እንደሆነ የኦርቶዶክሱ ልጅ ቅዱስ ገብርኤል ነው ይላል፤ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት መልሱ ይለያል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይንገር።

ከዚሁ ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋግ ሰዎች ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይን ይታያሉ፤ ክፉዎች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ይህ ለአምስት ዓመት ልጅ የተፈጠረ ሕግ ይመስላል። ንጉሡን ናቡከደነፆርን መጀመሪያ በጎን ይሣሉት፤ ታሪኩ ሲያልቅ፣ የሦስቱን ልጆች አምላክ ሲያመሰግን፣ ወረቀቱን ገልብጠው በሁለት ዓይን ይሣሉት። ሰው እንደሚለወጥ በዚህ ዕድሜ ከዚህ የበለጠ ማስረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

የዓመቱን በዓላት ተከትሎ የሄደ ሰው ሥራው ግማሹ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኃ ጽጌ የቅድስት ድንግል ማርያምና የልጇ ስደት የሚታሰብበት ነው፤ አበባ ይዞ፣ አሻንጉሊት አዝሎ፣ ከግቢው በር እስከ ውሃ ታንከሩ ድረስ «ግብፅ ደረስን ወይ?» እያሉ መሄድ ለሦስት ዓመት ልጅ ትልቅ ጉዞ ነው። ገና ሲመጣ እረኞቹ በደስታ ተጫወቱት የሚባለው የገና ጨዋታ አለ። ለትንንሾቹ ዱላው ቀርቶ በጥቅል ጋዜጣ፣ ሩሩም በጨርቅ ኳስ ይተካ። በጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይበላል፤ ባህሉ እስራኤል ሊጡን ሳያቦኩ ከግብፅ በጥድፊያ መውጣታቸውን ያስታውሳል። ልጆቹ ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን አዝለው፣ ቆመው ጉልባን ይብሉ፤ ጥድፊያው ይገባቸዋል። በዚያው ቀን ማስታጠቢያ ቀርቦ አስተማሪዋ የልጆቹን እግር ብታጥብ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ያለ ስብከት ተነገረ። በማግስቱ ማግስት፣ በለምለም ቅዳሜ፣ ካህናቱ ቄጠማ ይዘው ይመጣሉ፤ ሰው ሁሉ ራሱ ላይ ያስራል። ያ ቄጠማ ርግቧ ለኖኅ ያመጣችው ለምለም ቅጠል ነው። በግንባሩ ያሰረውን ልጅ «ውሃው ጎደለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

ከሁሉም የበለጸገው ግን ደብረ ታቦር፣ ቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የጌታ ብርሃነ መለኮት በተራራው ላይ የተገለጠበት ቀን ሲሆን፣ ወንጌሉ የተራራውን ስም ባይጠራም ታቦር ነው የሚለው ጥንታዊ ትውፊት ነው። በዓሉ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከታሪኩ አንድ ቁራጭ ይዟል። ችቦው ብርሃኑ ነው። የጅራፉ ጩኸት ከደመናው የመጣው የአብ ድምፅ ነው ይባላል። ሙልሙሉ ደግሞ ሌሊቱ ቀን መስሏቸው ሜዳ ላይ ለቀሩት እረኞች ወላጆቻቸው የወሰዱላቸው ዳቦ ነው። አሁን ከተማችን ውስጥ በሙልሙል ፈንታ ብር ይሰጣል፤ ሆያ ሆዬ የሚሉትም ልጆች የሚያስቡት ስለ ክፍፍሉ ነው። ለዚህ ልጆቹን መውቀስ አይገባም፤ ሌላውን ማን ነገራቸው?

በሕፃናት ክፍል ቡሄን እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ሦስት ወንበር ላይ ነጠላ ይዘርጋ፤ ጴጥሮስ ልሥራ ያላቸው ሦስቱ ዳሶች እነዚህ ናቸው፤ አንዱ ለጌታ፣ አንዱ ለሙሴ፣ አንዱ ለኤልያስ። መጋረጃው ተዘግቶ ክፍሉ ይጨልም፤ ነጭ የለበሰ ልጅ ላይ የእጅ ባትሪ ይብራ። ጅራፍ ለዚህ ዕድሜ አደገኛ ስለሆነ ወረቀት አጥፎ «ጧ!» ማሰኘት ይበቃል፤ ሲጮህ ሁሉም እንደ ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ በግንባራቸው ይደፉ። ከዚያ የሚመጣው ታሪኩ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው ክፍል ነው፦ ጌታ ቀርቦ ይዳስሳቸዋል፣ አትፍሩ ይላቸዋል። አስተማሪዋ እየዞረች ትከሻቸውን እየነካች ታንሣቸው፣ ሙልሙልም ይቆረስ።

ጨዋታ ሲባል አዲስ መፍጠር የለብንም። ሰኞ ማክሰኞ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢም፣ በመካኒሳ ኮብልስቶን ላይም በጠመኔ ይሠመራል። የቀናት ስም ያለው ጨዋታ ለሥነ ፍጥረት ታሪክ ካልሆነ ለምን ይሆናል? እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፦ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ፍጥረት የሚጀምረው እሑድ ነው፤ ስለዚህ ከሰኞ በፊት አንድ ቤት ይጨመራል። ሊቃውንቱ ፍጥረታትን 22 አድርገው ይቆጥራሉ፤ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 3፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። ሕፃናት ይህን ሁሉ መያዝ አይጠበቅባቸውም። እሑድ ላይ ሲዘል «ብርሃን»፣ ሰኞ «ሰማይ»፣ ማክሰኞ «ዛፍ»፣ ረቡዕ «ፀሐይና ጨረቃ»፣ ሐሙስ «ዓሣና ወፍ»፣ ዓርብ «እንስሳና ሰው» ቢል በቂ ነው። ቅዳሜ ቤት ውስጥ ሁለቱንም እግር አሳርፎ ይቆማል። ስድስት ዓመት ሲሞላው 22ቱን ይጠይቅ ይሆናል።

ኩኩሉም እንዲሁ። የዶሮ ጩኸት ያለበት ድብብቆሽ ለጴጥሮስ ታሪክ ይስማማል፤ ተደብቆ የሚገኘው ልጅ ደግሞ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው በግ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በተለመደው ጨዋታ የተገኘ ይሸነፋል፣ እዚህ የተገኘውን ሁሉም አቅፈው እልል ይሉለታል። እንቆቅልሽን ለትላልቆቹ፣ ለአምስትና ለስድስት ዓመቶቹ፣ ማቆየት ይሻላል። «ምን አውቅልህ» ካሉ በኋላ «ዓሣ ውጦኝ ሦስት ቀን አደርሁ» ቢባሉ ዮናስን ያገኙታል፤ ካላገኙ ሀገር ይሰጣሉ። ሶምሶንም እኮ በሠርጉ ላይ እንቆቅልሽ ጠይቋል።

ወደ መዝሙሩ ስንመጣ፣ የአገሩ የልጆች ዜማ ትልቅ ጥበብ አውጪና ተቀባይ መኖሩ ነው። ተቀባዩ አንድ አጭር ነገር ብቻ ይዞ ይደጋግማል፤ ታሪኩን የሚያራምደው አውጪው ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አራት ስንኝ አያጠናም፤ አንድ ቃል መመለስ ግን ይችላል። አስተማሪዋ በምታውቀው ምት «ዝሆን መጣ!» ስትል ልጆቹ «ግባ ከመርከብ!» ይሉ፤ «አህያ መጣች!»፣ «ግቢ ከመርከብ!» እያለ ይቀጥላል። እንስሳውን ልጆቹ ይምረጡ፤ መዝሙሩ መቼም አያልቅም። ከበሮው የወተት ጣሳ ሊሆን ይችላል፣ ጸናጽሉም በሽቦ የተሰካ ቆርኪ። ኪቦርድ ያለበት ቤት በኪቦርድ ይዘምር፤ የኦርቶዶክሱ ሰንበት ትምህርት ቤት በከበሮና በጭብጨባ። በየትኛውም ቤት ግን እጅና እግር አብሮ ካልዘመረ ልጁ በሦስተኛው ደቂቃ ጫማውን መፍታት ይጀምራል። እንቅስቃሴው ሌላም ጥቅም አለው፦ መካኒሳ ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ፤ በየሰፈሩም እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። በእጅ የሚነገር መዝሙር እርሱንም ያስገባዋል።

አንዳንድ ታሪክ ግን ይጠንቀቁበት። የጥፋት ውሃ፣ ጎልያድ፣ የዮሴፍ ጉድጓድ ሕፃናትን ሊያስፈሩ ይችላሉ። እነዚህን መተው አያስፈልግም፤ ፍርሃቱን በዚያው ቀን መፍታት ግን ግዴታ ነው። ዮሴፍን ጉድጓድ ውስጥ ትቶ «ሳምንት እንቀጥላለን» ብሎ ልጆችን ወደ ቤት መስደድ አይገባም፤ ልጁ ሌሊት አብሮት ጉድጓድ ውስጥ ያድራል። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ የወጣበትን ታሪክ እኔ ብሆን እስከ ሰባት ዓመት አቆየዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ልጁ የሚያየው በጉን ሳይሆን የአባትን ቢላ ነው። በዚህ የማይስማሙ ይኖራሉ፤ የታሪኩ ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ስላለ ልጁ ከጠየቀ በእርግጥ መመለስ ነው። የሚከፋው ግን ታሪኩን ለቅጣት ማዋል ነው። «ካልበላህ እንደ ዮናስ ዓሣው ይውጥሃል» የተባለ ልጅ ከዮናስ ይጣላል።

ይህን ሥራ የት መሥራት እንደሚቻልም ማወቅ ያስፈልጋል። ሕፃናትን በእሑድ ሰብስቦ ማስተማርን በእንግሊዟ ግሎስተር ከተማ በ1780 እ.ኤ.አ. ያስፋፋው ሮበርት ሬክስ ነበር፤ በሥራ ቀን የሚደክሙ የድሃ ልጆች ንባብ እንዲማሩ ብሎ ነው። በእኛም ዛሬ ቦታው ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የልጆች አገልግሎቱና ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ስለዚህ አጸደ ሕፃናት የምታስተምር ክርስቲያን መምህርት ሳፋዋንና ሻማዋን ለእሑድ ታቆያቸው። ግቢ ውስጥ ስትሠራም የጎረቤት ሙስሊም ልጆች መጥተው መቀመጣቸው አይቀርም። እናታቸውን ማስፈቀድ ነው፤ ኑሕን፣ ዩሱፍንና ሙሳን እነርሱም ያውቋቸዋል፤ ጎረቤት ሳይጠየቅ የተደረገ ነገር ግን ቅሬታ ያመጣል።

ስለ ዕቃው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ካርቶን፣ የእንቁላል ትሪ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ቁራጭ ጨርቅ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ኮላ ውድ ከሆነ ዱቄት በውሃ በጥብጦ እስኪወፍር እሳት ላይ ማማሰል ነው። ባቄላና ሽምብራ ለጌጥ ሲውሉ ያምራሉ፤ ትንንሾቹ አፍንጫቸው ውስጥ ስለሚከቷቸው ግን ከአራት ዓመት በታች ላሉት አይሰጥም። የዘንባባ ጠርዝ ጣት ይቆርጣል፤ አስቀድሞ መላጥ ነው። ሠላሳ ልጅ ለአንድ አስተማሪ ከሆነ በአምስት በአምስት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የአሥራ ሁለት ወይም የአሥራ ሦስት ዓመት ረዳት መመደብ ያግዛል፤ ረዳቶቹም ታሪኩን ከትንንሾቹ የበለጠ ይማሩታል።

ቤት ሲደርሱ ወላጅ «ምን ተማርክ?» ማለቱ ብዙ አይጠቅምም፤ መልሱ «ምንም» ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ልጁ የሠራውን ጀልባ ወይም ካርቶን አንሥቶ «ይሄን ለአያትህ ንገራት» ማለት ይሻላል። ኖኅ መርከቡ ላይ ባጃጅ ከጫነ አትቆጡት፤ «ሹፌሩስ የት ተቀመጠ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ይቀጥላል። ርግቧን ካላስታወሰ፣ ሰም ያልተቀባው ጀልባ ለምን እንደሰጠመ ካልነገራችሁ፣ አራተኛው ሰው ከጠፋበት ግን እምብርቱ አልያዘም ማለት ነው። ያን ጊዜ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ታሪክ ከመጀመር ያንኑ ከነሳፋውና ከነሻማው መድገም ይሻላል።